የአፕዴት ቀማሿ

እህቴ አፕዴት ትቀምሳለች። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ስልክ "አዲስ አፕዴት መጥቷል፣ ይጫን?" ብሎ በጠየቀ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ሰው ጣቱን ሰብስቦ እሷን ይጠብቃል። እሷ በትርፍ ስልኳ ላይ ቀድማ ትጭነዋለች፤ ታገላብጠዋለች፣ ታጠፋዋለች፣ ታበራዋለች፣ ከዚያ በግሩፓቸው ላይ በድምፅ "አድርጉት" ወይም "እንዳትነኩት" ትላለች። በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ለሁሉም እትዬ ቀማሽ ናት።

ሠላሳ ስምንቱም ዓይነ ስውራን ናቸው፤ እሷም በሰባት ዓመቷ ታማ ዓይኗን ያጣች ናት። እኔ ያኔ ሦስት ዓመቴ ስለነበር የምታይበትን ጊዜ አላስታውስም። ለእኔ ቢጤው አፕዴት ማለት የምስሎቹ ቀለም መቀያየር ነው። ተራግሜ፣ ሁለት ቀን ተነጫንጬ እለምደዋለሁ። ለእነሱ ግን ስልኩ የሚያወራላቸው ስክሪን ሪደር በሚባለው፣ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ በሚያነበው ፕሮግራም ነው። አንድ ክፉ አፕዴት መጥቶ እሱን ዝም ካሰኘው እጃቸው ላይ የሚቀረው ልሙጥ መስታወት ብቻ ነው። የቱን መንካት እንዳለባቸው የሚነግራቸው የለም።

ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ሐኪሞቹን በሳላቸው ትለያቸዋለች። አንዱን ገና "ሃሎ" ከማለቱ "ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣልተው ነው?" ብላው፣ ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ ደረጃውን ወርዶ ሊያያት መጣ ይባላል። እሷ "ውሸት ነው" ትላለች። እኔ አምናለሁ፤ እኔንም ከበሩ እስክገባ ባለው አረማመዴ ብቻ ቀኔ እንዴት እንደዋለ ታውቃለችና።

ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። በመስኮቱ ሥር የእኔ የስፌት መኪና አለ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከመኪናው ማዶ የእሷ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ ላይ ሁለት ስልክ። ዋናው እንዲሁ ነው፤ ትርፉ እንዲለይ ላስቲክ ታስሮበታል። ግድግዳው ላይ በብሬል የተበሳ ወፍራም ወረቀት ለጥፋለች፤ የዓመቱ የአፕዴት መርሐ ግብር ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ከታጠበች በኋላ ጣቷን ታስኬድበታለች።

ስንቴ እንዳስረዳችኝ! "ዋናው ሲስተም በዓመት አንዴ ይወጣል። ወጣ ማለት ግን አንቺ ስልክ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። የየስልኩ ፋብሪካ ተቀብሎ በራሱ ልክ ያስተካክለዋል። ጣቃው አንድ ነው፤ ቀሚሱን ግን እንደየሰዉ ቁመት አይደል የምትሰፊው?"

"ታዲያ ለምን ለሁሉም በአንድ ቀን አይለቁትም?"

"ስለሚፈሩ ነዋ! ዛሬ ከመቶ ሰው ለአንዱ ይለቁና ጩኸት መኖሩን ያዳምጣሉ። ከሌለ ለአሥሩ፣ ከዚያ ለግማሹ። ጩኸት ከሰሙ ያቆሙታል። በየወሩ የምትመጣው ትንሿ ደግሞ ሌላ ናት፤ እሷ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈኛ ናት፣ ብዙ አትዘግይባት። ስልክሽ ካረጀ ግን ትልቁም ትንሿም አይመጡም። ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው።"

ሕግ ነበራት። ትልቁ አፕዴት ከወጣ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ትጠብቃለች። በትርፍ ስልኳ ላይ ሦስቴ አጥፍታ ታበራለች፣ የአማርኛው ድምፅ መኖሩን ታያለች፣ ደውላ ታነሳለች፣ ቁልፉን በይለፍ ቃል ትከፍታለች። በማግስቱ መንገድ ያለበት ሰው እንዳያድስ ታስጠነቅቃለች። ትርፍ ስልኳ የአንድ ፋብሪካ ስለሆነ ደግሞ ለሌሎቹ ስልኮች የአስመጪዎቻቸውን ማስታወቂያ እየፈለገች ታነባለች። ችግሩ አስመጪ ተብዬዎቹ ማስታወቂያቸውን አሳምረው በፎቶ መለጠፍ ይወዳሉ፤ ስክሪን ሪደር ደግሞ ፎቶ ላይ የተጻፈ ነገር አያነብም። ያኔ "ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን አውሺኝ" ትለኛለች። እንግዲህ የእኔ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ያን ሰሞን ቤታችን ገሃነም ሆኖ ነበር። አዲሱ አፕዴት አንድ የምሥራች ይዞ ነበር የመጣው። በአሮጌው ላይ ካርታው "ወደ ቀኝ ታጠፍ" እያለ እየመራ ሳለ መሀል መንገድ ላይ ድምፁ ይቆረጥ ነበር፤ አዲሱ ይህን አስተካክሏል ተባለ። ሰዉ እንዴት ዝም ይበል? ከጠዋት እስከ ማታ ቮይስ ነው። "እትዬ ቀማሽ፣ አልደረሰም?" "እትዬ፣ ትናንትም ቦይ ውስጥ ልገባ ነበር እኮ!" እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት መክፈቻ ደርሶብኝ ሰባ ሁለት ኮት ቁልፍ አልተተከለለትም። መርፌው እጄ ላይ፣ የእነሱ ጩኸት ጆሮዬ ላይ። ደሜ ይፈላ ነበር።

ረቡዕ ወደ ማታ ላይ ጠራችኝ። የአንዱ ስልክ አስመጪ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ እንደ ልማዱ በፎቶ። ከሠላሳ ስምንቱ ሰባቱ የሚይዙት የዚያን ፋብሪካ ስልክ ነው።

"እትዬ፣ እጄ ሥራ ይዟል።"

"ሁለት ደቂቃ ነው፣ እቴ።"

ተነጫንጬ ተነሳሁና ስልኩን ከእጇ ላጥ አድርጌ ወሰድኩ። አነበብኩላት። አፕዴቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚለቀቅ፣ ስንት ቦታ እንደሚይዝ፣ ባትሪው ከግማሽ በላይ መሞላት እንዳለበት፣ የካርታው ድምፅ እንደተስተካከለ። ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። ዓይኔ አርፎበታል፤ አልዋሽም። ሁልጊዜ ከሥር የሚጽፉት የመብት፣ የኃላፊነት፣ ምናምን ነው ብዬ አለፍኩት።

"አለቀ?" አለች።

"አለቀ። በቃ አድርጉት በያቸውና እኛም እንረፍ!"

ትንሽ አሰበች። የእሷ ትርፍ ስልክ ፈተናውን ካለፈ ቀናት ተቆጥረዋል፤ አሥራ አምስቱም ቀን ሞልቷል። ቮይሱን ተጭና "ንጹሕ ነው። ሁላችሁም አድርጉት" አለች። ግሩፑ በእልልታ ቀለጠ። እኔ ወደ ቁልፌ ተመለስኩ።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ልጅ ደወለላት። ልጅ ልበለው እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሳይጠይቅ አንዲት ነገር ስለማይነካ ሁሉም "ልጠይቅ" ይሉታል፤ የሚጀምረው ሁልጊዜ "ልጠይቅ?" ብሎ ነውና። ስልክ አጠቃቀም ያስተማረችው እሷ ናት። የእሱም ስልክ ከሰባቱ አንዱ ነው።

"እትዬ፣ ልጠይቅ? ነገ መንገድ አለብኝ። ሥራው እኮ ተገኘ! የውሃ አገልግሎት፣ የደንበኞች ስልክ ላይ። እስከ ስድስት ሰዓት ቀርቤ ካልፈረምኩ ለተጠባባቂው ይሰጡታል። መሥሪያ ቤቱን አላውቀውም፣ በካርታ ነው የምሄደው። አፕዴቱን ከመሄዴ በፊት ላድርገው ወይስ ስመለስ?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲያስገባ የኖረ ልጅ ነው። ሦስት ቦታ በስልክ ተቀብለውት በሩ ላይ ነጩን በትሩን ሲያዩ "እንደውልልሃለን" ብለው ሸኝተውታል። እህቴ በደስታ ከወንበሯ ተነሳች።

"ሕጌ መንገድ ያለበት እንዳያድስ ነው" አለችው። "ግን በአሮጌው ካርታው መሀል ላይ ጥሎህ ይጠፋል። ማስታወቂያውንም እስከ መጨረሻው አስነብቤዋለሁ። አድርገው፤ ለአንተስ ይኼኛው ነው የሚሻልህ። ከአውቶቡስ እንደወረድክ ደውልልኝ።"

እስከ መጨረሻው። ይህን ስትል መቀሱ እጄ ላይ ነበር፤ ቁርጥ ቁርጥ እያደረግሁ ክር እቆርጣለሁ። ያቺ ደቃቅ ፊደል ትዝ እንኳ አላለችኝም።

ዓርብ የእሷ ተራ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ቤት ናት። አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አልደወለም። ሦስት ከሩብ፣ የለም። "ገና እየወረደ ይሆናል" አልኩ። ሦስት ከሃያ ላይ ራሷ ደወለች። ሁለቴ ጠራና ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። ሁለቴ ጠራና ተቋረጠ።

"ዘጋብሽ እኮ" አልኳት። "ሥራ አገኘሁ ብሎ ገና ሳይፈርም ኮራ?"

አልሳቀችም። ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች፤ ያው ሆነ። ፊቷ ተለወጠ።

"እሱ አይደለም የሚዘጋው፤ ጣቱ ነው" አለች። "የእነሱ ስልክ ስክሪን ሪደሩ ሲጠፋ የሚነሳው ስክሪኑ ላይ የምትወጣውን ክብ ነክቶ ወደ ጎን በመጎተት ነው። ወደ አንድ በኩል ከጎተትሽው ይነሳል፣ ወደ ሌላው ይዘጋል። እሱ በሕይወቱ እንደዚያ አድርጎ ስልክ አንስቶ አያውቅም። ሊያነሳልኝ ነው የሚሞክረው።"

የያዝኩትን ኮት አስቀመጥኩ።

ያንኑ ዓይነት ስልክ ለሚይዝ ሌላ ሰው ደወለች፤ ማሳጅ ቤት የሚሠራ ነው። ያነሳችው ሚስቱ ናት። "እትዬ ቀማሽ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣሽብን! ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ዱዳ ሆኗል። ከአፕዴቱ በኋላ እንደገና ሲነሳ ጭጭ። አሁን እኔ ነኝ የማነሳለት።" እህቴ ጠረጴዛውን ያዘች። ወዲያው በግሩፑ ላይ ቮይስ ለቀቀች፦ "ቁሙ! ያላደረጋችሁ እንዳታደርጉ። ያደረጋችሁ ስልካችሁን አጥፍታችሁ እንዳታበሩ።" መልስ ዘነበ። አንዷ ሴትዮ "አንቺ እንዴት ትሳሳቻለሽ?" አለች።

እህቴ ቮይሱን ተጭና "እኔ ተሳስቻለሁ" አለች። ሁለት ቃል ብቻ።

እኔ ወደ ኋላ ክፍል ገብቼ በሩን መለስ አደረግሁና ያንን ፎቶ በራሴ ስልክ ላይ ፈልጌ ከፈትኩት። ጎተት አድርጌ አሰፋሁት። ደቃቁን ፊደል አነበብኩ። አራት መስመር ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወጥቼ ልነግራት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ተነስቼ በሩን ሁሉ ይዤ ነበር። "ጫማሽን አድርጊ፣ እንሄዳለን" ስትል ሰማሁ። ምላሴን ነክሼ ጫማዬን አደረግሁ።

አራት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጭንቅ እንደዚያ ቀን ተጫጭኖኝ አያውቅም። ሹፌሩ በየፌርማታው በቆመ ቁጥር ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ያምረኛል። እህቴ ስልኳን ጭኗ ላይ ይዛ በየአሥር ደቂቃው ትደውላለች። ሁለቴ ይጠራል፣ ይቋረጣል። "አለ" ትላለች፤ ለእኔም ይሁን ለራሷ። አንዴ ግን ደወለች፣ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፣ እስኪያበቃ ጠራ። የእጄን አንጓ ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግማ ደወለች፤ ሁለቴ ጠራና ተቋረጠ። በዚያ መቋረጥ እንባዬ መጣ።

መሀል ላይ የውሃ አገልግሎቱን ስልክ አፈላልጋ ደወለች። የእሷ ሙያ አይደል? የማዞሪያ ሠራተኛዋ ለሰው ኃይል ክፍል አቀበለቻት፤ እዚያ ያነሳው ሰውዬ "ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እነግራቸዋለሁ" ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

"በእኔ ቃል ነው የሄደው" አለችኝ። "ጠይቆኝ እኮ ነው። ሌላው ዝም ብሎ ያደርጋል፣ እሱ ጠየቀኝ። ስፈትን ምን አጎደልኩ? አሥራ አምስት ቀን ጠበቅሁ። ማስታወቂያውን አስነበብኩ። የቱ ጋ ነው ያለፈኝ?"

"እኔ እንጃ" አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ "እኔ እንጃ" አልኩ።

አውቶቡስ ተራው የደረስነው አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ግርግር፣ ጥሩምባ፣ ሻንጣ የሚጎትት ሰው። እህቴ ቆመችና "ደውዪለትና ጥሪውን በጆሮዬ ልፈልገው" አለችኝ። ደወልኩ። እኔ በዓይኔ እየቃኘሁ ምንም ሳላይ፣ እሷ ክንዴን ወደ ግራ ጎተተችው። ከትኬት መስኮቱ ጎን፣ ምሰሶ ተደግፎ፣ ሸሚዙን በደንብ ተኩሶ የለበሰ ልጅ፣ በሁለት እጁ ስልክ ይዞ ጣቱን ከወዲያ ወዲህ ይጎትታል። ጥሪው ተቋረጠ። ከንፈሩን ነከሰ።

"ልጄ!" አለች እህቴ።

ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። "እትዬ! እንደሚመጡ አውቄያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘጋብኝ ብሎ ይተወው ነበር።"

እየተራመድን ነገረን። አውቶቡስ ውስጥ ሳለ ነው ስልኩ "እንደገና ልነሳ?" ያለው፤ ካርታውን ከመክፈቴ በፊት ይጨርስ ብሎ እሺ አለው። ሲነሳ ድምፅ የለውም። ሲወርድ ለአንድ ዘበኛ ሰጥቶ "ስክሪን ሪደሩን አብራልኝ" አለው። ዘበኛው አገላብጦ አየና "ወንድሜ፣ ስልክህ ሞቷል" አለው። ሌላ ሰው ጠየቀ፤ እሱም "ባዶ ጥቁር ነው" አለው። ልጁ ግራ ገባው፤ እጁ ላይ እየጮኸ እንዴት ይሞታል? እህቴ ይህን ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ብዙዎቹ ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ዜሮ ዝቅ አድርገው ነው የሚኖሩት። እነሱ ብርሃኑ ምን ያደርግላቸዋል? እንደዚያ ቀን ላለ ቀን ግን ማንም አላሰበም።

ሰው ጠይቆ ደግሞ ሄዶ ነበር። "ውሃ አገልግሎት ውሰዱኝ" ሲላቸው አንዲት ደግ ሴትዮ እጁን ይዘው አደረሱት፤ ለካ ያ ሌላኛው ቅርንጫፍ ነው። የትክክለኛው አድራሻም የቢሮው ቁጥርም ያለው በዱዳው ስልክ ውስጥ ነው። በቃሉ የሚያውቀው የእናቱን ቁጥር ብቻ ነው፤ እናቱ ደግሞ ፋብሪካ ስለሚሠሩ ስልካቸውን በር ላይ አስረክበው ነው የሚገቡት። የሚፈልገው ካለ እዚያ እንደሚፈልገው ገምቶ ወደ አውቶቡስ ተራው ተመለሰ።

ታክሲ ያዝን። እኔ የስልኩን ብርሃን ጨምሬ፣ የይለፍ ቃሉን ጠይቄ ከፈትኩት። ስክሪን ሪደሩን አበራሁት። በባዕድ ቋንቋ ሁለት ቃል ተንተባተበና ቆመ፤ የአማርኛው ድምፅ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልተግባባም። አድራሻውን ግን አገኘሁት። ሹፌሩን "በሞቴ፣ ትንሽ ፍጠን" አልኩት። የመኪናው ሰዓት አምስት ከሃምሳ አንድ ይላል። መብራቱ ቀይ ሆነ። አምስት ከሃምሳ አምስት። ከፊታችን የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይመለሳል። ላብ አጠመቀኝ። ልጁ መሀላችን ተቀምጦ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ይለኛል፤ እኔም ሁለት ደቂቃ እየቀነስኩ እዋሸዋለሁ።

የሰው ኃይል ክፍል በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ስንደርስ የግድግዳው ሰዓት ስድስት ከአሥራ ሁለት ይል ነበር። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት እየሰበሰቡ ነው። ከፊታቸው ብዕሩን ገና ያላስቀመጠ አንድ ወጣት ተቀምጧል።

"ይቅርታ፣ ዘገየሁ" አለ ልጁ። ስሙን ነገራቸው።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወረዱ። "ውይ" አሉ። "እስከ ስድስት ከአምስት ጠብቄሃለሁ እኮ። ስልክህ ላይም ስደውል ትዘጋዋለህ። ሦስቴ ደወልኩ። አልፈልግም ያልክ መሰለኝ።"

"እኛ ደውለን ነግረናል!" ብዬ ጮህኩ። "ለኃላፊዋ ይነገራቸዋል ተብለናል! ስብሰባችሁ ከሰው ይበልጣል?"

"ለእኔ የነገረኝ የለም፣ እህቴ" አሉ በቀስታ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ የምሰድበው ሰው አገኝ ነበር። "ተፈርሟል። የተፈረመ ነገር አልቀድድም። ፋይልህን ለሚቀጥለው ዙር አስቀምጠዋለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ነው።"

ልጁ "አመሰግናለሁ" አለ። ወደ ተቀመጠውም ወጣት ዞሮ "እንኳን ደስ አለህ" አለው። ከዚያ በትሩን ዘረጋና በሩን ራሱ ፈልጎ ወጣ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነበር። እህቴና ልጁ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላቸው። እህቴ ሆስፒታል ደውላ ተራዋን አስቀየረች። ከዚያ ጀመረች፤ "በእኔ ነው፣ ልጄ። ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ አልቀምስም፤ ለግሩፑ እነግራቸዋለሁ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አለችው። እሱ "አይበሉ እንጂ እትዬ፣ ኧረ አይበሉ" እያለ የእሷን እጅ ይዞ ያባብላታል። ሥራውን ያጣው እሱ፣ የሚያባብለውም እሱ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

"እሷ አይደለችም" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ወንበራቸውን በሁለት እጄ ይዤ፣ በመካከላቸው አንገቴን አስገብቼ ተናገርኩ። "ማስታወቂያው ላይ ከሥር የተጻፈ ነበር። አይቼዋለሁ። ሥራ ይዤ ስለነበር ሰልችቶኝ አላነበብኩላትም። አለቀ አልኳት። አላለቀም ነበር። ጠዋት ላይ አወቅሁ፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ።"

እህቴ አልዞረችም። ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል። "ከአንቺ ሌላ የማስነብበው ሰው የለኝም እኮ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ምናለ!

"ምን ያህል ነው የተዘለለው?" አለ ልጁ።

"አራት መስመር።"

"አሁን አለዎት?"

"አለኝ።"

"እስቲ ያንብቡልኝ።"

ስልኬን አወጣሁ። አነበብኩ፦ "ማሳሰቢያ። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ስልኩ ከአፕዴቱ በኋላ ሲነሳ ስክሪን ሪደር ሊጠፋ ይችላል። ስክሪን ሪደር የሚጠቀሙ ደንበኞች ማስተካከያው እስኪደርስ ድረስ አፕዴቱን እንዳይጭኑ እናሳስባለን። ማስተካከያው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይለቀቃል።"

ልጁ ራሱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ሃያ ሰከንድ አይሞላም" አለ። ተቆጥቶ አይደለም። ቆጥሮት ነው።

አፌን ያዝኩ። እህቴ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ትከሻዬን ዳበሰች፣ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ ስልክ የያዘውን እጄን አገኘችው። ግሩፑን በራሷ ስልክ ላይ ከፍታ አፌ ጋ አስጠጋችው።

"ሠላሳ ሰባት ሰው የቱ ጋ እንደተሳሳትን አያውቅም" አለች። "ማን እንደሆንሽ ንገሪያቸው። ከዚያ ከላይ ጀምረሽ አንብቢላቸው፤ ሙሉውን።"

"ሰው ይሰማል" አልኳት። አንዲት ሴትዮ ከማዶ ወንበር ዞረው ያዩኝ ነበር።

"ይስማ" አለች።

ቮይሱን ተጫነችልኝ። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ፣ ምን እንዳደረግሁ ተናገርኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ፣ ቀኑን፣ የሚይዘውን ቦታ፣ ባትሪውን፣ አንድም ሳልዘል አነበብኩ።